እፍ ተብሎ ለጸዳ ወረንጦ የቀረበ ውዳሴ

ድሬዳዋ የፍቅር ከተማ ስለመሆኗ በዘፈንም በወግም ብዙ ተብሏል፤ ይህ ፍቅር ከሁሉ ይልቅ የሚገለጥበት የመዋቢያ ቦርሳ ግን እስከ ዛሬ የሚገባውን ምስጋና ሳያገኝ ቆይቷል። ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከመጋላ እስከ ገንደ ቆሬ ወረንጦን ለብቻ መያዝ የንፉግ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ኩል መኳያው ከታላቅ እህት ወደ ታናሽ፣ ከታናሽ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ደግሞ ከጅቡቲ ለመጣች እንግዳ ይሸጋገራል፤ ማታ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ስንት ዓይን እንዳየ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በዚህ የሚስቁ ወንዶች ካሉ፣ በአንድ በርጫ ላይ አንዱ ጥፍር መቁረጫ ስንት እጅ ዞሮ እንደሚያድር ቆጥረው ይሳቁ።

ይህ ሁሉ ልግስና ያለ ጽዳት ይፈጸማል ብሎ የሚያማን ሰው ተሳስቷል። ጽዳቱ አለ፤ ሥርዓቱም ከእናት ወደ ልጅ ሳይበረዝ የመጣ ነው። አበዳሪዋ ብሩሹን ከቦርሳዋ ሥር፣ ከእርሳስ ቅራፊ፣ ከቆሎ ፍርፋሪና ከባጃጅ መልስ መካከል ፈልጋ ታወጣለች፤ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ እፍ ትላለች፤ በሽቲ ቀሚሷ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ታሻሸዋለች፤ ከዚያም አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ ብርሃን ከፍ ታደርገውና «ንጹሕ ነው፣ እንኪ» ብላ ትፈርዳለች። ላቦራቶሪ ቀናት የሚፈጅበትን ምርመራ በዓይን ጨረፍታ መጨረስ ቀላል ችሎታ አይደለም። በተለይ እፍ ማለቷ ሊደነቅ ይገባል፤ የሰው አፍ በባክቴሪያ የተሞላ በመሆኑ፣ ብሩሹን ብቻ ሳይሆን ከአፏም ጥቂት ጨምራ ታበድራለችና።

የጤና ባለሙያዎች ይህን ደግነት በበጎ አይመለከቱትም። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ ከታመመ ሰው ዓይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት እንደሚተላለፍ፣ ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ እየያዘ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍና የዓይኑን ብሌን እየፋቀ እስከ መታወር እንደሚያደርሰው ይነግሩናል። ኢትዮጵያም በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት አገሮች ግንባር ቀደም እንደሆነች ያክሉበታል። እኛ ደግሞ ለዚህ መልስ አናጣም፤ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በወረንጦ መንቀል በብዙ ቤት የኖረ መላ ነው። ያው ወረንጦ ዞሮ የሙሽራ ቅንድብ ሲለቅም፣ አንድን መሣሪያ ለሕክምናም ለጌጥም ማዋል የቻለ ሕዝብ በቁጠባ የሚስተካከለው ማን ነው? ወረንጦው ቆዳ ነክሶ ደም ካወጣ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል፤ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ዕቃ ላይ፣ የመበከል አቅሙን ይዞ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ደጅ የሚጠና እንግዳ በአንድ እፍ ተነሥቶ እንደሚሄድ እናምናለን፤ እምነታችንም ጽኑ ነው።

በእፍ ፋንታ የሚያቀርቡልን መንገድ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ወረንጦው በመጀመሪያ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ጫፉ ላይ የተጋገረው ቅባትና ፋውንዴሽን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ ቅባቱ ከላይ እስካለ ድረስ አልኮሉ ከሥሩ ያለውን ጀርም አያገኘውምና። ከዚያ ይደርቃል። ሲደርቅ 70 በመቶ በሆነ አልኮል የራሰ ጥጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታሽበታል፤ ታሽቶም ወዲያው በጨርቅ አይጠረግም፣ በራሱ ጊዜ እስኪተን ይጠበቃል። ከ70 ይልቅ 96 በመቶ የሆነው ይበረታል ብሎ የተከራከረ ሰው፣ ውሃ ያነሰው አልኮል ሥራውን ሳይጨርስ እንደሚተንና የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃው ራሱ እንደሚያግዝ ተነግሮት አፉን ይይዛል። የቅንድብ እርሳስ ከመቀባት በፊት ይቀረጻል፣ መቅረጫውም በአልኮል ይጠረጋል። ብሩሽ በሳሙና ከታጠበ በኋላ ጸጉሩ ወደ ላይ ቆሞ መድረቅ የለበትም፤ ውሃው ወደ እጀታው ወርዶ ሙጫውን እንዳይፈታው አግድም ይተኛል። ለብሩሽ መኝታ ሲዘጋጅለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይባስ ብለው አልኮል እሳት ስለሚይዝ ይህ ሁሉ ከከሰል ምድጃ ርቆ እንዲሠራ ያዛሉ፤ ወረንጦ ለማጽዳት ብለን ቡናውን ጥለን እንድንነሣ ማለት ነው።

ደግሞስ ፀሐያችንን ምን አደረጉት? በግንቦት ቀትር በረንዳ ላይ የተጣለ ወረንጦ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ ይህ ካልፈወሰው ምን ይፈውሰዋል ትላለች የሰፈራችን ሊቅ። ፀሐዩ እርጥበት ማድረቁና ሊፒስቲክ ማቅለጡ በዓይን የታየ ነው፤ በቅባት የተሸፈነ ጀርም መግደሉን ግን እስካሁን የመሰከረለት በረንዳው ብቻ ነው። ውሃውም ሰበብ አያሳጣንም፤ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ ድንጋይ የሚያለብስ ውሃ ሳሙና አላረፋ ቢል ጥፋቱ የማን ነው? ከመካከላችን ትጉሃን የሆኑት ደግሞ ወረንጦውን በረኪና ውስጥ ያሳድሩታል። በረኪና ብረት ይበላልና ጠዋት ቡናማ ዝገት ለብሶ ሲያገኙት፣ «አየሽ፣ ቆሻሻው ሁሉ እንዴት እንደወጣ!» እያሉ ተደስተው ወደ ቅንድባቸው ይመልሱታል።

ስለ ስፖንጁ ግን በአክብሮት መናገር ይገባል። ሲገዛ ሮዝ የነበረው፣ ዛሬ ቀለሙ በውል የማይለይ፣ እርጥብ ሆኖ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ በድሬ ሙቀት የከረመ ስፖንጅ በውስጡ ሻጋታ ማብቀሉ አይቀርም፤ መሐሉን በቢላ ቀደው ያዩት ሰዎች ጥቁር ነጠብጣብ አግኝተውበታል። እኛ አንቀደውም፤ ሽማግሌ አይቀደድም። ማስካራውም ከተከፈተ 3 ወር ሲሞላው ይጣል የሚለውን ምክር አንቀበለውም፤ ሲደርቅ ጠብታ ውሃ፣ ውሃ ሲጠፋ ምራቅ እየጨመርን ከአንዱ ዒድ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ፋሲካ ወደ ሌላው እናሻግረዋለን።

ለነገሩ አልኮልን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የባጃጁን እጀታ፣ የብር ኖቱንና የጎረቤትን ሰላምታ ሁሉ በአልኮል አጥበናል። ያኔ የገዛነው ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ፣ ውስጡ ተንኖ፣ ዛሬም ቁም ሳጥን ላይ በክብር ቆሟል፤ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ የተቀመጠውን የመዋቢያ ቦርሳ ግን አንድም ቀን ጎብኝቶት አያውቅም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ የሐኪም ወሬ የምር የምትይዝ ልጅ ከየዘመዱ መካከል አለመጥፋቷ ነው። የሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ ሚዜዎቹ በሙሉ በአንድ ስፖንጅና በአንድ ሊፒስቲክ ሲዋቡ፣ እሷ የራሷን ወረንጦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ትንሽ የአልኮል ብልቃጥ ይዛ ትመጣለች። የሙሽራዋ አክስት ፊታቸው ይጠቁራል፤ «ተጸየፍሽን እንዴ ልጄ?» ይላሉ። «ኧረ እትዬ፣ ዓይኔን አሞኝ ስለከረመ ነው» ብትልም የሚሰማት የለም፤ ሚዜዎቹ በአንድ ድምፅ «አቦ አታካብጂ!» ብለው የጋራውን ኩል መኳያ እፍ ብለው ይዘረጉላታል። ብልቃጡን ግን ማንም አልናቀውም፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እስኪያልቅ ድረስ፣ ፎቶው ጥርት ብሎ እንዲወጣ ሁሉም የስልኩን ካሜራ ወለወለበት።