«ቦታውን ደልድሉ» ለምትሉን ሁሉ

ስለ ዶሮ ቤት የሚሰጠን ምክር፣ የሚታደለን ንድፍና በስልካችን የሚመጣልን ቪዲዮ ሁሉ መሬትን እንደ ምጣድ ዝርግ አድርጎ ስለሚያይ ከዓመት በላይ ስበሳጭ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን በሆዴ የያዝኩትን ልጽፈው ተነሥቻለሁ። የምኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከተማችንን የረገጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ በእኛ ሰፈር ጓሮ ማለት ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ጎመን ለመቀንጠስ እንኳ አንዱን እግር ከላይ፣ ሌላውን ከታች አጽንቶ መቆም ያስፈልጋል።

በ2015 ዓ.ም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየሰፈሩ ዶሮ ለማርባት የተነሣው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነኝ። ሥልጠናም ወስጃለሁ። አሠልጣኙ ስለ መኖ፣ ስለ ክትባትና ስለ ብርሃን ያስተማሩን ጠቅሞኛል፤ ለዚያ አሁንም አመሰግናቸዋለሁ። ስለ ቤቱ ሲደርሱ ግን «ደልዳላና ውሃ የማይቋጥር ቦታ ምረጡ» ብለው ሊያልፉ ሲሉ እጄን አውጥቼ፣ ጓሯችን በሙሉ ተዳፋት የሆነብን ሰዎች ምን እናድርግ ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንግዲያው ቦታውን ደልድሉ» አሉኝና ወደሚቀጥለው ርዕስ ሄዱ። በዚያች አጭር መልስ ታምኜ የሠራሁት ቤት ነው ለዚህ ያበቃኝ።

ለ100 ቄቦች፣ በካሬ ሜትር አምስት ዶሮ በሚለው ልክ፣ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ቤት አሰብን። ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልተን እኔ ከላይ፣ አናጺው ከታች ይዘን ስንለካው፣ መሬቱ በ4 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ከ10 ይወርዳል። ስለዚህ ከላይኛው ወገን 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ታችኛው ወገን ተሞላ። ለዓይን ያማረ ነበር። ነገር ግን የሙሌት አፈር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተነባበረ፣ ውሃ እየጠጣና በደንብ እየተጠቀጠቀ ካልተሠራ ክረምት ሲመጣ እንደሚሰጥም የነገረን አልነበረም። የእኛው በአንድ ቀን ተገልብጦ በእግር ተረገጠ፤ ከታች የሚደግፈው የድንጋይ ካብም አልተካበለትም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የጣሪያው ነገር ነው። በታደለን ንድፍ ላይ ባለ አንድ ክንፉ ጣሪያ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ይላል። የእኔ ቤት በሩ ወደ ቁልቁለቱ ስለሚያይ ኋላው ዳገቱ ነው፤ አናጺውም ንድፉን አምኖ ጣሪያውን ወደ ዳገቱ አዘነበለው። 5 ሜትር በ6 ሜትር የሆነው ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለ ቁጥር 600 ሊትር፣ ማለትም ሦስት በርሜል ውሃ ይሰበስባል። ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው በተቆረጠው አፈርና በኋለኛው ግድግዳ መካከል ወደ ቀረችው ሁለት ስንዝር የማትሞላ ክፍተት ነው፤ ከተራራው የሚመጣው ጎርፍም እዚያው ይጨመርበታል። ወዴት እንዲሄድ እንደታሰበ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከግድግዳው ሥር እየሰረገ በዶሮዎቼ እግር ሥር ከማለፍ በቀር መንገድ አልተተወለትም።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ በሩን ስከፍት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ተቀበለኝ። ጎንበስ ብዬ ሰጋቱራውን ጨበጥ ሳደርገው ጥቁር ውሃ በጣቶቼ መካከል ወረደ። ሙሌቱ በመስጠሙ ወለሉ ወደ ታች ዘሟል፤ ፕላስቲኩ የውሃ መጠጫ ስለተንጋደደ በአንድ ጎኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አድሯል፤ ማታ ሞልቼው የሄድኩት ጠዋት ባዶውን ነበር። ዶሮ መጫር ተፈጥሮዋ ነውና ጉዝጓዙን ሁሉ እየጫሩ ወደ ታች አውርደውት፣ ከላይ ባዶ አፈር ቀርቶ ከታች እስከ ጉልበቴ ተከምሯል። ቄቦቹ ላባቸውን ነፍተው በከፍታው ጥግ ተፋፍገው ቆመዋል፤ አንዷ ስታየኝ እንኳ አልተነቃነቀችም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩሳቸው ላይ ደም ታየ። የእንስሳት ሐኪሙ ኮክሲዲዮሲስ የሚባል የአንጀት በሽታ መሆኑን ነግረውኝ፣ የበሽታው ተሐዋሲ እርጥብ ጉዝጓዝ ሲያገኝ እንደሚበረታ አስረድተው አምፕሮሊየም የሚባል መድኃኒት በሚጠጡት ውሃ እንድሰጣቸው አዘዙልኝ። መድኃኒቱ ሠራ፤ ሆኖም እስኪሠራ ድረስ 23 ቄቦች ቀበርኩ። የ45 ቀን ሆነው ነበር የገዛኋቸው፤ መኖውን፣ ክትባቱን፣ ሌሊት ተነሥቼ ያየኋቸውን ጊዜ ሁሉ አስቡት። ይህ ሳይበቃ፣ ሙሌቱ ሲሰጥም የታችኛው ቋሚ አብሮት ስለወረደ የበሩ መቃን ተጣሞ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው አልገጥም አለ። በገመድ እያሰርኩ ጥቂት ቀን ሰነበትኩ። አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ በክፍተቱ ገብቶ ዘጠኙን ጨረሳቸው።

የፈሰሰው ቆሻሻ ውሃ ደግሞ ከእኔ በታች ያሉትን ሽማግሌ ጎረቤቴን የሽንኩርት መደብ አጥለቀለቀው። ዶማ ይዘው ሲመጡ ለጠብ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ ከቤትሽ ሳይደርስ ከላይ ነበር መመለስ ያለበት» አሉኝ። «አባባ፣ ማን ነገረኝ?» አልኳቸው፤ እንባዬ መጣ። ከዚያ አብረን ከቤቱ በላይ ሦስት ሜትር ያህል ርቀን እንደ ቅንድብ የጎበጠ ቦይ ቆፈርን፤ ቦዩ ውሃውን በሁለት ጎን ከፍሎ ወደ መንገዱ ማፋሰሻ ይወስደዋል። ከሰዓት በኋላ ጀምረን ሳይመሽ ጨረስነው።

ቁጣዬ እዚህ ላይ ይበረታል። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ በሥልጠናው አንድ ደቂቃ ቢነገረኝ ኖሮ ብዙዎቹ ቄቦች ዛሬ እንቁላል ይጥሉልኝ ነበር። ይህ እውቀት ባዕድ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ እርከን ተዳፋቱን ገርቶ ሲያርስ ስንት ትውልድ አልፎታል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም ያንን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በእኛም በወሎ ገበሬው እርሻውን ሲያርስ መጀመሪያ የሚያስበው የውሃውን መውረጃ ነው። ታዲያ የዶሮ ቤት ንድፍ ለእኛ ሲዘጋጅ ተዳፋት መሬት ፈጽሞ የሌለ ይመስል የሚዘለለው ለምንድን ነው?

መስከረም ሲጠባ ቤቱን አፍርሰን ከጎኑ ባለው ባልተነካው ተዳፋት ላይ እንደገና ሠራነው። ረጅሙን ጎን በዳገቱ አግድም አስተኛነው፤ ወርዱን ወደ 3 ሜትር አሳጠርነው። መሬቱን አልቆፈርንም። ግርጌያቸው የተቃጠለ ዘይት የተቀባ የባሕር ዛፍ ቋሚዎችን 60 ሴንቲ ሜትር ቀብረን ወለሉን በላያቸው አነጠፍነው፤ በላይኛው ወገን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር፣ በታችኛው ወገን 1 ሜትር ከ10 ያህል ከፍ ይላል። ረጃጅሞቹ ቋሚዎች እንዳይወዛወዙ በሰያፍ እንጨት ተያይዘዋል። ጣሪያው ወደ ቁልቁለቱ ያዘነብላል፤ አሸንዳ ተገጥሞለት ውሃው በርሜል ይሞላል፤ ትርፉ በቦይ ይሄዳል። የቀሩት 68 ዶሮዎች ቀጣዩን ክረምት በደረቅ ጉዝጓዝ ላይ አሳለፉ።

ይህንኑ አሠራር ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል በወረቀት ሥዬ፣ ልኬቱንም ጽፌ ንድፉን ላደሉን ክፍሎች ወስጄላቸው ነበር። የተቀበሉኝ ሰው በትሕትና አይተውት፣ በእጃቸው ያለው ንድፍ የጸደቀ ስለሆነ እሱን ብቻ ማደል እንደሚችሉ ነገሩኝ። የጠየቅሁት አንድ ገጽ እንዲጨመር ነበር። በመጪው ግንቦት አዳዲስ ሠልጣኞች ያንኑ ወረቀት ይቀበላሉ። ከመካከላቸው ሦስቱ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው፤ የሦስቱንም ጓሮ አውቀዋለሁ፤ የአንደኛዋ ከእኔውም ይብሳል።