መኪናውን ከማገድ የሳጥኑን ጀርባ ማንበብ

የአንድ ጎረቤታችን የመኪና ቻርጀር ሲሰካ ከተቃጠለ በኋላ፣ የግቢያችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ባለፈው ሳምንት የጥበቃው ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። «የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነና ለኤሌክትሪክ መኪና ስለሚበዛ ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ በፖርቴብል ቻርጀር መኪና መሙላት ክልክል ነው» ይላል። ማኅተም ሳይቀር አርፎበታል። ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም ተናደድኩ።

220 ለመኪና ይበዛል ያለው ማነው? አውሮፓ በ230 ይሞላል። ቻይና በ220 ይሞላል። የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120 ነው፤ እዚያም ቢሆን መፍጠን የፈለገ ሰው የልብስ ማድረቂያ የሚሰካበትን ዓይነት የ240 መስመር ያስገባል። ደግሞም ዋናው ቻርጀር ያለው መኪናው ሆድ ውስጥ ነው። በእጃችን ይዘነው የምንዞረው ሳጥን ማብሪያ ማጥፊያና ጠባቂ ነው። ለመኪናው ስንት አምፒር፣ ማለትም ምን ያህል ኤሌክትሪክ መሳብ እንደሚችል ይነግረዋል፤ ችግር ሲያይ ይቆርጣል።

የተቃጠለውም ይኸው ሳጥን ነው። ጎረቤታችን መኪናቸውን ወንድማቸው ከቨርጂኒያ ነው የላከላቸው፤ ሳጥኑም አብሮ መጣ። ጠፍጣፋው መሰኪያ የእኛ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የስልክ ቻርጀር የምንሰካባትን ዓይነት ትንሽ አዳፕተር ገዙ። ሰኩት። «ጧ» አለ፣ የላስቲክ ሽታ ደረጃውን ሞላው። ሮጬ ወረድኩ። ሳጥኑን ገልብጬ ጀርባውን ሳየው «120 ቮልት፣ 12 አምፒር» ይላል። ሌላ ቁጥር የለውም። «አንተ ልጅ፣ ገባ እኮ! ታዲያ ምን ጎደለው?» አሉኝ። እሳቸው ላይ አልፈርድም። ማንም አልነገራቸውም። አዳፕተሩን የሸጠላቸው ሰው ግን ለምን እንደፈለጉት ጠይቆ «ችግር የለውም» ብሏቸዋል። አዳፕተር የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቴጁን አይቀይርም!

ያው ሳጥን ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240» የሚል ቢሆን ኖሮ፣ በደህና መሰኪያ እዚሁ ግቢ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። እንዲያውም ይሻላል። 12 አምፒር በ120 ቮልት 1.44 ኪሎዋት ነው። ያው 12 አምፒር በ220 ደግሞ 2.64 ኪሎዋት ይሆናል። ባዶ የሆነ የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በመጀመሪያው 42 ሰዓት ገደማ፣ በሁለተኛው 23 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ብክነቱን ሳንቆጥር። ኮሚቴው ይበዛል ያለው 220 ጊዜያችንን በግማሽ ገደማ የሚቀንስልን ነው።

«ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል» ያሉም አሉ። በየቤቱ 3.5 ኪሎዋት ገደማ የሚበላ ምጣድ አለ። ለበዓል ዋዜማ ሁሉም በአንዴ ይጥዳል፤ ምጣድ ይከልከል ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። አንድ ነገር ግን እቀበላለሁ። ምጣድ ጋግሮ ያበቃል፣ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። የላላ ሶኬትና ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። መፍትሔው ከየራሳችን ቆጣሪ ወፈር ያለ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር፣ ለብቻው ሶኬት ነው። እንጂ ማኅተም አይደለም።

ኮሚቴው መከልከል ከፈለገ የሚከለከል ነገር ሞልቷል። ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የሌለው ሶኬት ላይ ሲሰኩት ብዙው ሳጥን ቀይ መብራት ያበራና አልሞላም ይላል። ልክ ነው፣ ሥራው ነው። ታዲያ አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ምን ያደርጋል? ሶኬቱን ይፈታና ኑትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘዋል። ቀዩ ይጠፋል፣ አረንጓዴው ይበራል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን ኑትራሉ ከላይ ይበጠስና የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ክረምት ነው እንበል፣ መሬቱ ረጥቧል፣ ልጆች መኪናዎቹ መሃል ኳስ ይጫወታሉ። ይህን አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ማታ ማታ አስበዋለሁ። በግቢያችን እንዲህ የተሠራ ሶኬት በዓይኔ አይቻለሁ። ማስታወቂያው ስለሱ አንድ ቃል የለውም።

«ስሪ ፌዝ ካስገባን ይፈጥናል» የሚሉትም አሉ። ስሪ ፌዝ ማለት ኤሌክትሪክ የያዙ ሦስት ሽቦዎች (ፌዞች) ማለት ነው፤ በሁለት ፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው። ለ220 የተሠራ ሳጥን እዚያ ላይ ከተሰካ የጎረቤታችን ዕጣ ይደርሰዋል። ከአንዱ ፌዝና ከኑትራል ከተሰካ ደግሞ ያው 220 ነው፤ ምንም አይፈጥንም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። የግቢ ኮሚቴ ደግሞ የኤሌክትሪኩን እንዳንሞላ ይከለክላል። ሰው በምን ይሂድ?

እሑድ ስብሰባ አለ። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የሳጥኑ ጽሑፍ ሳይታይ ማንም እንዳይሰካ፣ የግቢው ኧርዝ በመሣሪያ እንዲለካ፣ ኑትራልና ኧርዝ የተገናኙባቸው ሶኬቶች በሙሉ እንዲፈቱ። ጎረቤታችን የተቃጠለውን ሳጥን ሰጥተውኛል፤ ይዤው እገባለሁ። ውስጡ ከስሏል። ጀርባው ላይ ያለው 120 ግን አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል።