ስንት ጊዜ ተጠቀስክ ከማለት ከማን ተማርክ ማለት

ደሴ አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። በቅርቡ ለማዕረግ እድገት አመልክቶ ነበር። ኮሚቴው ጽሑፎቹን ያነበበ አይመስለኝም። የተጠየቀው ሁለት ቁጥር ነው፦ ስንት ፐብሊኬሽን፣ ስንት ሳይቴሽን። ቁጥሩ አነሰ ተባለና ማመልከቻው ተመለሰ። «እኔ የምሠራበትን ዘርፍ አገር ውስጥ የሚሠሩት በጣት ይቆጠራሉ፣ ማን ይጥቀሰኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገሩ ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ሳይቴሽን ሌላ ተመራማሪ በጽሑፉ ውስጥ ያንተን ሥራ ሲጠቅስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሆርኼ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አመጣ። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉህ ኤች ኢንዴክስህ 20 ነው፣ በቃ። ለማስላት ቀላል ስለሆነ ዓለምን አዳርሶ እኛም ጋ ደረሰ።

እስቲ ይህን ሚዛን ይዘን ጂም ፒብልስን እንየው። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለደ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ዕድሜውን ሙሉ የሠራ የኮስሞሎጂ ሰው ነው፤ ጽንፈ ዓለም እንዴት ጀምሮ እንዴት ይህን መልክ እንደያዘ በወረቀትና በስሌት የሚመረምር ማለት ነው። በ1960ዎቹ መምህሩ ሮበርት ዲኪ ወደዚህ ሥራ ሲገፋው በእጅ ያለው መረጃ እጅግ ጥቂት ነበር። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ባለ አንቴና ምንጩ የማይታወቅ የሬዲዮ ጩኸት ሰምተው ግራ ሲገባቸው፣ ዲኪ፣ ፒብልስና ሁለት ባልደረቦቻቸው ጩኸቱ ከጽንፈ ዓለሙ የጋለ ጅማሬ የተረፈ ሙቀት ነው ብለው ጻፉ። በ1970 ደግሞ ፒብልስ ከጄር ዩ ጋር ሆኖ በዚያ በጋለው ዘመን የነበረ የድምፅ ሞገድ በዚሁ ሙቀት ላይ አሻራ መተው እንዳለበት አሰላ።

አሻራው በግልጽ ተለክቶ የታየው በ2000 ገደማ ነው። 30 ዓመት! ያንን ጽሑፍ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ባመጣው ቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰው፣ የ30 ዓመቱን ነገር ከየት ያየዋል? ፒብልስ በ2019 የኖቤል ሽልማቱን ግማሽ ሲወስድ 84 ዓመቱ ነበር።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነው። ራልፍ አልፈርና ሮበርት ኸርማን የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህ ሙቀት ዛሬ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ነጥብ፣ 5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት ብለው የጻፉት ቀድመው፣ በ1948 ነው። ዛሬ የሚታወቀው ልክ 2.7 ነው፤ ሩቅ አልነበሩም። የ1965ቱ የፕሪንስተን ጽሑፍ ግን ይህን ሥራቸውን አልጠቀሰም። ፔንዚያስና ዊልሰን በ1978 ኖቤል ሲሸለሙ እነሱ አልነበሩበትም፣ ቅሬታቸውም ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም። ፒብልስ በስተርጅና ተመልሶ በ1948 ማን ምን እንደጻፈ አንድ በአንድ የመረመረ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ይህን ነው የምወድለት። ኤች ኢንዴክሱን ከፍ አያደርግለትም፤ ግን መጥቀስ ማለት ይህ ነው፣ ከማን እንዳገኘህ መናገር።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ከየት ነህ ሲባል የዋድላ ቤት ነኝ ብሎ መምህሩን ከነመምህሩ ይቆጥራል። ኪታብ የሚቀራው ደረሳም ኢጃዛ፣ ማለትም የተማረውን የማስተማር ፈቃድ፣ ሲቀበል ሸይኹ ከማን እንደቀራ፣ የሸይኹ ሸይኽ ከማን እንደቀራ ያውቃል። ስንት ሰው ጠቀሰህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ከማን እንደተማረና የተማረውን መያዙን ነው፣ እሱም በቃል ተፈትኖ፣ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ።

ቁጥር ይጥፋ አላልኩም። ያለ ቁጥር ደግሞ ዝምድናና ትውውቅ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ የጓደኛዬ አለቆችም ይህን ፈርተው ይሆናል። ግን ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሲያልፍ ላቦራቶሪውም መጻሕፍቱም ተዘርፈው፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ሰው ነፍሱን ይዞ በሸሸበት ዓመት ምን ፐብሊሽ ይደረጋል? ያ ባዶ ዓመት በሠንጠረዡ ላይ ስንፍና ይመስላል።

ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ያመለክታል። ኮሚቴው ውስጥ ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ከጽሑፎቹ አንዱን ብቻ መርጣችሁ አንብቡ። ከዚያ ጥሩትና ከማን ሥራ እንደተነሣ፣ በላዩ ምን እንደጨመረ ጠይቁት። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።