ከዛፍ ዛፍ

ባለፈው እሁድ ፉትስክሬይ፣ አክስቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ሜልቦርን ያለ ሐበሻ ፉትስክሬይን ያውቀዋል፤ እንጀራውም ወሬውም እዚያ ነው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አንዲት የአክስቴ ወዳጅ ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«አይሞው እምቢ አለኝ። አንተ አይቲ አይደለህ?»

ሳልቀበላቸው ባለቤታቸው ቀደሙኝ። «የለም፣ እሱ ኬሚስት ነው። ልጄ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ፈሳሽ ሳሙና ጀምሮ ውሃ ውሃ ሆነበት። ምን ይጨምርበት?»

ከዚያ ሁለቱም ዞሩብኝ። «ቆይ፣ ከሁለቱ የቱን ነህ?»

«ሁለቱንም» አልኩ። እዚህ አገር ድርብ ዲግሪ ይሉታል፤ ሲያልቅ ሁለት ወረቀት ይዘህ ትወጣለህ። ዝም ተባለ። አክስቴ ረከቦቱን እያስተካከለች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች።

ይህን ተረት በጣም እወደዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ሲተረት። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በዛፎቹ መሃል ያለውን ርቀት አይጠይቅም። ቅርንጫፋቸው የተጠላለፈ እንደሆነስ? ጦጣ ይህን ተረት አልሰማችም፤ ስትዘል ነው የምትውለው።

የኔ ዛፎች ደግሞ ክፉኛ ተጠላልፈዋል። ስማይልስ የሚባል አጻጻፍ አለ፤ ሞለኪውልን ኮምፒውተር በሚያነበው አንድ መስመር የምትጽፍበት። ሃይድሮጂኖቹን ትተዋቸዋለህ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ቆጥሮ ይሞላል። ውሃ አንዲት «ኦ» ብቻ ነው፤ ኦክስጅኗ። የመጠጡ አልኮል «ሲሲኦ»፤ ሁለት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን። ያ ሁሉ የአረቄ ቤት ጠብ ሦስት ፊደል! አክስቴ የምትቀዳው ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግን 24 አተም ነው፣ አተሞቹ ተያይዘው የሠሩት ሁለት ቀለበትም አለው፤ ቀለበቱ የት ተከፍቶ የት እንደሚዘጋ በቁጥር ትጠቁማለህ። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ከፍቼ ሳልዘጋ ላክሁት። ፕሮግራሙ «ያልተዘጋ ቀለበት» ብሎ መለሰልኝ፤ ልክ በር ክፍት ትቶ እንደወጣ ልጅ።

የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር ለተነበዩት ለዴሚስ ሃሳቢስና ለጆን ጃምፐር ነው የሄደው። ሃሳቢስ የመጀመሪያ ዲግሪው ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። እሱንም ፉትስክሬይ ቡና ጠርተን «የቱን ነህ?» ብንለው ደስ ይለኝ ነበር።

ዛፍ ከተነሳ፣ ሁለቱንም ዛፍ ከሩቅ ብቻ ያየሁበትን የአገር ቤቱን ሁለተኛ ደረጃ አልረሳውም። ታይትሬሽንን፣ ማለትም ቀለሙ እስኪለወጥ ጠብ እያደረጉ አሲድን መለካትን፣ የተማርነው በጥቁር ሰሌዳ ነው። መምህሩ ብልቃጡን ሳሉ፣ ጠብታውን ሳሉ፣ ከዚያ እጃቸው ላይ ያለውን ነጭ ጠመኔ አይተው «እንግዲህ ሮዝ ሆነ እንበል» አሉ። አልን። በግድግዳው ማዶ ላቦራቶሪ ነበር። ቁልፉ ንብረት ክፍል ኪስ ውስጥ ነው። ለምን? ቆጠራ ሲመጣ ብርጭቆው ሙሉ መገኘት አለበታ! ብርጭቆው ተረፈ፤ እኛ ምንም ሳንነካ ተመረቅን። ኮምፒውተሩም እንደዚያው፣ ጨርቅ ለብሶ ነበር የሚኖረው። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። እዚህ መጥቼ በገዛ እጄ ሳንጠባጥብ ሮዙ ብልጭ ይላል፣ ሲነቀነቅ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ሳትጠፋ ቀረች። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አጠገቤ ያለው ልጅ አሲድ የነካኝ መስሎት ወደ መታጠቢያው ሊጎትተኝ ነበር።

ምን ነበር የማወራው? አዎ፣ ስልኩ። አይሞ ምንም አልሆነም። ስልኩ ጢም ብሎ ነው፤ አበባና ሻማ ያለበት «እንደምን አደራችሁ» ብቻ። መደምሰስ ጀመርኩ። «የማርያሟን እንዳትነካ!» አሉኝ።

ለሳሙናውም «ጨው ጨምሩበት፣ በጥቂት በጥቂቱ፤ ከበዛ መልሶ ይቀጥናል» አልኩ።

ባለቤታቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ጨው? ጨው ለማለት ነው ይህን ሁሉ ዓመት?»