ለደሴ ማሞግራፊ ስንጠይቅ ባለሙያዋንም እንጠይቅ

ደሴም ሆነ ወልድያ ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ማሽኑ ላይ ያርፋል፤ ማሞግራፊ (ጡትን በኤክስሬይ የሚያነሳ ማሽን) ይገዛልን፣ ዲጂታል ይሁንልን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ካንሰሩ እንዲታይ ጡቱን ማሽኑ ላይ በአግባቡ የሚያስቀምጥ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ አቀማመጡ ትክክል ሲሆን ምርመራው 84 በመቶ ያህሉን ካንሰር ለይቷል፤ አቀማመጡ ሲበላሽ ግን 66 በመቶውን ብቻ።

እያንዳንዱ ጡት ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ ከላይ ወደ ታች፣ አንዴ ከብብት በኩል በሰያፍ። አስቸጋሪው ሰያፉ ነው። በደንብ ከተነሳ የደረት ጡንቻው ከብብት ጀምሮ እስከ ጡት ጫፍ ትይዩ ይወርዳል፤ ከጡት ሥር ያለው እጥፋትም ተዘርግቶ ይታያል። ሴትየዋ ትከሻዋን ካጠነከረች ግን ጡንቻው ይወጠርና ጡቱ ወደ ፊት አይሳብም። ያኔ ከምስሉ ውጭ የሚቀረው በብብት በኩል ያለው የላይኛው ክፍል ነው፤ ካንሰር በብዛት የሚገኘውም እዚያው ነው። ስለዚህ ሴት ባለሙያና መጋረጃ ያለው ክፍል ይኑር ስንል ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የተሸማቀቀች ሴት ትከሻዋን አታላላም።

ጡቱ በሰሌዳ ሲጫን ያማል፣ ግን የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው። በቅጡ ካልተጫነ የሚያስፈልገው ጨረር ይጨምራል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ የተደራረበው ሥጋ ትንሿን ዕጢ ይሸፍናታል። ከልክ በላይ መጫንም ጉዳት አለው፤ ክፉኛ ያመማት ሴት ለሚቀጥለው ምርመራ ላትመለስ ትችላለች። የወር አበባ የምታይ ሴት ቀጠሮዋ አበባዋ ከመጣ በኋላ ባለው ሳምንት ቢሆን ሕመሙ ይቀልላታል። በዕለቱ ብብት ላይ ዶድራንትም ፓውደርም አይደረግ፤ ቅንጣቱ ምስሉ ላይ የካንሰር ምልክት ሊሆን የሚችል የካልሲየም ነጠብጣብ መስሎ ያሳስታል። ማተብና ክታብ ወደ ጀርባ ይዙር፤ በጥሱት ማለት አያስፈልግም።

በጀት ሲያዝም የባለሙያዎች ሥልጠና፣ የምስል ጥራት መፈተሻ ፋንተም (በጡት ምትክ ተነስቶ ማሽኑ የሚሞከርበት ዕቃ) እና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ አብረው ይታሰቡ። ምስሉን ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ ያንብቡት።

አገራችን ውስጥ ብዙ ታማሚዎች ገና ወጣቶች ናቸው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ዕጢም ነጭ ስለሆነ ይሰወራል። እብጠት ዳስሳ የመጣች ሴት ማሞግራፊዋ ንጹሕ ነው ተብላ አትሸኝ፤ አልትራሳውንድ ትነሳ፣ ካስፈለገም ናሙና ይወሰድላት።