ወንድሜም ይሠራል፣ እኔም እሠራለሁ፤ ቅጹ ግን ሁለታችንንም አያውቅም

ይህን የምጽፈው ደሴ ላይ አካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል ያለን ሰዎች በየቢሮው ደጃፍ ስንመላለስ የሚቀርብልን ጥያቄ ሁልጊዜ አንድና ያው ሆኖ ስላስመረረኝ ነው። ጥያቄው «መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?» የሚል ነው። ይችላል ከተባለ እንደማንኛውም ሰው ሄዶ ይወዳደር ይባላል፤ አይችልም ከተባለ ደግሞ ከተረጂዎች ዝርዝር ይገባና ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ የሚያነሳበት ሰው አይኖርም። ምን ቢሟላለት ይሠራል ብሎ የጠየቀን አንድም ባለሙያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ታናሽ ወንድሜ በሕንፃ ሥራ ላይ ሳለ ከመወጣጫ ወድቆ ኅብለ ሠረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። እጆቹና አእምሮው ግን ምንም አልሆኑም። ከአደጋው በፊት በማታ የጀመረውን የአካውንቲንግ ትምህርት ዊልቸር ላይ ሆኖ በዲፕሎማ ጨርሷል። ዛሬ ሸዋ በር አካባቢ ላሉ ጥቂት ነጋዴዎች የገቢና የወጪ መዝገባቸውን እቤት ተቀምጦ ይሠራላቸዋል፤ ደረሰኛቸውን በስልክ ፎቶ እያነሱ ይልኩለታል፣ የግብር ወቅት ሲደርስም ሌሊቱን ሙሉ ሲደምርና ሲያስተካክል ያድራል። ሥራውን ያምኑበታል፤ ሲከፍሉት ግን «ለሻይ ትሁንህ» ብለው ነው የሚሰጡት። ለጤነኛ ሒሳብ ሠራተኛ የሚከፍሉትን እያወቁ ለእሱ ሲሆን ደመወዙን ምጽዋት የሚያደርጉት ሰዎች ክፉዎች ሆነው አይመስለኝም፤ አካል ጉዳተኛን ከእርዳታ ጋር እንጂ ከሥራ ጋር አያይዘን እንድናይ ስላልተማርን ነው።

ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ስለሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ክፉ መናገር አልፈልግም። በዚህ ገንዘብ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች በሠፈሬ አሉ፤ ደሴም የከተሞች ሴፍቲኔት ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ቅሬታዬ በአሠራሩ ላይ ነው። ጉልበት ያላቸው ተጠቃሚዎች መንገድ በመጥረግ፣ ቦይ በማጽዳት፣ ችግኝ በመትከልና በመሳሰለው የአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል፤ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ሥራ ሳይጠበቅባቸው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በሁለቱ መካከል ለሚወድቅ ሰው ግን ረድፍ አልተበጀለትም። ወንድሜ አካፋ መያዝ አይችልም፤ መዝገብ መያዝ ግን ይችላል። ይህን ለመዝጋቢው ሳስረዳው፣ ትሑት ሰው ነበርና ሳይቆጣ፣ «እህቴ፣ ወይ አይችልም ብለሽ አስመዝግቢው፣ ወይ ይሠራል በይና ከቀጥታ ድጋፉ ይውጣ፤ ሁለቱን አንድ ላይ የምጽፍበት ቦታ የለኝም» አለኝ። ወንድሜ ደግሞ እየሠራሁ አልሠራም ብዬ አልፈርምም አለ። በዚህ ላይ ማንም እንዲወቅሰው አልፈልግም። እውነቱን ስለተናገረ ብቻ ድጋፉን ያጣ ሰው ነው፤ ከነጋዴዎቹ የሚያገኘው ደግሞ የመድኃኒቱንና የሽንት ቱቦውን ወጪ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። ምዝገባው በቤተሰብ ስለሆነ፣ በቤቱ ውስጥ አቅም ያለው ሰው ካለ ወጥቶ ይሥራ ተባለ። እውነት ነው፣ ጤነኛ ነኝ። ነገር ግን ኅብለ ሠረሰሩ የተጎዳ ሰው ስሜት በሌለው አካሉ ላይ ቁስል እንዳይወጣበት ሌሊትም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መለወጥ ያስፈልገዋል፤ ቀን ዊልቸር ላይ ሲውልም በየጊዜው ከወንበሩ ብድግ መደረግ አለበት። የሽንት ቱቦው ንጽሕና ካልተጠበቀ ኢንፌክሽን ገብቶ እስከ ኩላሊት ይዘልቃል። ውኃ በፈረቃ ስትመጣ፣ ሌሊትም ትምጣ ቀን፣ በየጀሪካኑ ቀድቼ ማጠራቀም አለብኝ፤ በእኛ ቤት ውኃ ጠፋ ማለት አንሶላው ሳይታጠብ፣ እሱም ሳይጸዳ አደረ ማለት ነውና። ይህን ሁሉ በሆስፒታል ውስጥ ብሠራው ኖሮ የነርስ ሥራ ተብሎ በተቆጠረልኝ ነበር። እቤት ስለምሠራው ግን ቅጹ ላይ «ሥራ ፈላጊ» ተብዬ ተጽፌያለሁ።

ሥራም ነበረኝ። ኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት መስመር ላይ እሠራ ነበር። ወንድሜ ከሆስፒታል ሲወጣ ፈቃድ ብጠይቅ ሕጉ ተነበበልኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልዩና ከባድ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ይሰጣል፤ ያለክፍያ ነው፣ በበጀት ዓመቱም ከሁለት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ሕጉ ድንገት የደረሰን ችግር ታሳቢ ያደርጋል፤ ዓመት ከዓመት የሚቀጥል እንክብካቤን ግን ጨርሶ አላሰበውም። ግማሽ ቀን ልሥራ፣ ግማሽ ደመወዝ ይከፈለኝ ብዬ ለመንሁ፤ የማምረቻ መስመር እንዲህ አይሄድም ተባልሁ፤ ለቀቅሁ። በእኔ ቦታ ወንድ ቢሆን ኖሮ ከሥራ ወጥተህ ወንድምህን ጠብቅ የሚለው አንድም ዘመድ እንደማይኖር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ሴት ስለሆንሁ ጉዳዩ ለውይይት እንኳ አልቀረበም።

ከእኔ የባሰባቸውም አሉ። ጎረቤታችን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ እናት ናት፤ ባሏ የለም። ዳቦ ጋግራ ሰኞ ገበያ አካባቢ ትሸጣለች፤ ስትወጣ ልጁን እቤት አስቀምጣ በሩን ከውጭ ትዘጋለች። ሰው አፉን ሞልቶ ያማታል። ልጁን ይዛው ብትወጣ ይጠፋባታል፣ ወደ መኪና መንገድ ይገባባታል፤ እቤት ብትቀር ሁለቱም ጾማቸውን ያድራሉ። ልጁን የሚያውልላት አንድ ክፍል፣ የሚጠብቅላት አንድ ሠልጣኝ ሰው በቀበሌው ቢኖር እኮ ይህች ሴት ነገውኑ ሙሉ ቀን የምትሠራ፣ ከማንም እጅ የማትጠብቅ ሴት ናት። «አብሽሪ» እንላታለን፤ ከዚያ ያለፈ ግን ያደረግንላት ነገር የለም።

አሁን ደግሞ «ይችላል» ለሚለው ወገን የተዘጋጀውን መንገድ ልናገር። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ዘመን አልፎታል። አዋጁ አካል ጉዳተኛው ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠው ይላል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችለት፣ ለሥራውም ሆነ ለሥልጠናው ረዳት እንዲመድብለት ያስገድዳል፤ አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይጣልበት ክስ እንዲያቀርብም ይፈቅዳል። ከዚህ የተሻለ ሕግ ይውጣልን የሚል ሰው መጀመሪያ ይህንን ያንብብ።

ወንድሜ «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የሚል የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ አይቶ ኮምቦልቻ አመለከተ። ለፈተና ሲጠሩት የፈተናው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አገኘነው፤ ሊፍት የለም፣ ለዊልቸር የሚሆን መወጣጫ የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች አመቺ መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጎ ነበር፤ ይህ ሕንፃ ደግሞ ከአዋጁ በኋላ የተሠራ ነው። ፈተናውን ምድር ቤት አምጡለት ብል ፈታኙ የምስጢር ጉዳይ ነው አለኝ። በመጨረሻ ጥበቃውና አሸዋ ሲያራግፉ የነበሩ ሁለት የቀን ሠራተኞች ተሸክመው አወጡት፤ አንዱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሮቹ ይዘውት ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ጫማው ወልቆ ወደቀ፣ ሌሎች ተፈታኞች ግድግዳውን ተጠግተው መንገድ ለቀቁላቸው። እኔ ዊልቸሩን አጥፌ ከኋላ ተከተልሁ። ገብቶ ሲቀመጥ ፈተናው ከተጀመረ ቆይቷል፤ የባከነው ጊዜም አልተካሰለትም። ስሙ ሳይወጣ ቀረ። ለምን ብዬ የሰው ሀብት ኃላፊውን ስጠይቀው «እኛ እኮ አልከለከልነውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልከለከለውም። አዋጁ ግን አትከልክሉት ብቻ ብሎ አላቆመም፤ አመቻቹለት ብሏል።

ሥራውን ቢያገኝ ኖሮስ እንዴት ይመላለስ ነበር? ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለሌላው ሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ መውረድ ነው። ለእኛ ግን ከቤታችን እስከ አስፋልት ያለው ቁልቁለት ኮብልስቶን በመሆኑ የዊልቸሩ የፊት ጎማዎች በየድንጋዩ መሐል እየገቡ ይሰነቀራሉ፤ ባጃጅ ደግሞ ዊልቸሩን ካየ ከሌላ ተሳፋሪ ጋር አይጭንም፣ ኮንትራት ያዙ ይላል። መናኸሪያ ስንደርስ ዊልቸሩ የጣራ ጭነት ተብሎ ለብቻው ይከፈልበታል። ይህ ደርሶ መልስ በየቀኑ ሲሆን ከጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ምን እንደሚተርፍ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ሰው ሁሉ ማስላት አያቅተውም።

ይህ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ እጃቸውን፣ እግራቸውን፣ ዓይናቸውን ያጡ ወጣቶች በየሠፈሩ አሉ። ደሴ የአካል ድጋፍ የሚሠራበት ማዕከል ስላለ ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለት፣ መራመድ ተለማምዶ የሚወጣ ሰው እናያለን፤ እዚያ የሚሠሩትን ባለሙያዎች እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሆኖም ያ ወጣት ተራምዶ ወደ ሥራ የሚገባበት በር ካልተዘጋጀለት ድካማቸው ሁሉ ከግማሽ መንገድ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት ይመድባል ይላል። አቅም የለም የሚለውን መልስ አከብራለሁ፤ የምጠይቃቸው ነገሮች አብዛኞቹ ግን ገንዘብ የሚፈልጉ አይደሉም።

የፈተናን ክፍል ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ወጪ የለውም። ሥራ የጀመረ አካል ጉዳተኛ ገቢው እስኪረጋ ድረስ፣ ለምሳሌ ለአንድ ዓመት፣ ከቀጥታ ድጋፉ እንዳይሰረዝ ማድረግ የአንድ መመሪያ ሥራ ነው፤ እንዲህ ቢሆን የወንድሜ ዓይነት ሰው እውነቱን ተናግሮ ይመዘገባል፣ ፈቃድ አውጥቶ በደረሰኝ ይሠራል፣ ቀስ በቀስም ከድጋፉ ራሱ ይወጣል። እቤት የምንንከባከብ ሰዎች የምንሠራው ሰዓት እንደ አካባቢ ልማት ሥራ እንዲቆጠርልን እጠይቃለሁ። ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ በገጠሩ ሴፍቲኔት ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራው ወጥተው ለጊዜው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ። ለሚያጠባ እናት የታሰበው፣ ወንድሟን በየሁለት ሰዓቱ ለምታገላብጥ እህትም ሊታሰብ ይችላል። በአካባቢ ልማት ከሚሰማሩት ሴቶች ጥቂቶቹን መንገድ ከመጥረግ ይልቅ የጎረቤቴን ልጅ የመሰሉ ልጆች በቀበሌ አዳራሽ እንዲያውሉ አሠልጥኖ መመደብም የሚቻል ነው፤ ክፍያው እንደሆነ አስቀድሞ የተመደበ ነው።

ቀጣዩ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይህን በጽሑፍ አድርጌ ለቀበሌያችንና ለከተማው ኃላፊዎች አቀርባለሁ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ጉዳይ ያላችሁ ቤተሰቦች በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አብረን እንፈርም፤ በተለይ «አይችልም» በሚለው ላይ ፈርማችሁ ልጃችሁ ወይም እህታችሁ እየሠራች ያላችሁ፣ ስማችሁን ሳላወጣ ጉዳያችሁን ብቻ አስገባዋለሁ።