ከነተሳቢው

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ተሳቢው ጎታቹን ከቀደመ ትራፊክ ፖሊስ ይጠራል፣ ክሬን ይፈለጋል፣ መንገዱም እስኪጸዳ ከላይም ከታችም መኪና ይሰለፋል። ሲኒማ ቤት ውስጥ ግን ተሳቢው ፊት ፊት ይገባል፤ ፊልሙ ከኋላው እየተጎተተ ይመጣል፤ ማንም ፖሊስ አይጠራም። «ትሬለር» የሚለው ቃል እኮ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ለጭነት መኪናው ጭራም፣ ከፊልም በፊት ለሚታየው «በቅርብ ቀን፣ ይጠብቁን!»ም።

ስሙን ያወጡት ሰዎች አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካ ውስጥ የማርከስ ሎው ቴአትር ቤቶች የማስታወቂያ ኃላፊ የነበረው ኒልስ ግራንሉንድ ለአንድ የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ተውኔት አጭር የማስተዋወቂያ ፊልም ሠርቶ አሳየ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ቁራጭ የሚታየው ከዋናው ፊልም በኋላ ስለነበር እውነትም ተሳቢ ነበር። ችግሩ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ይነሣል። የሰርግ ምሳውን በልቶ የሽማግሌ ንግግር የሚጠብቅ ማን አለ? ስለዚህ ነጋዴዎቹ ተሳቢውን ፈትተው ከፊት አሰሩት፤ ምሳው እስኪመጣ ንግግሩን ይስሙ ብለው።

ይህ ብልሃት ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ግን ከሀገሩ የሰዓት ባህል ጋር ተላተመ። ትኬቱ ላይ «8 ሰዓት» ይላል። ልክ 8 ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ፕሮጀክተሩን የሚያስተካክለው ልጅ፣ የአገሩን ሰዓት ያልለመደ እንግዳ፣ እና ከፊልሙ ይልቅ ጨለማውን ፈልገው የመጡ ጥንዶች። አዳራሹ ሰው እስኪገባ ብሎ 15 ደቂቃ ማስታወቂያ ያሳያል። ሰው ማስታወቂያው 15 ደቂቃ መሆኑን ስላወቀ 15 ደቂቃ አርፍዶ ይመጣል። ማስታወቂያ ያስነገረው ነጋዴ በበኩሉ «ለባዶ ወንበር ነው እንዴ የከፈልኩት?» ብሎ ይቆጣል። እሱን ለማስደሰት ማስታወቂያው ከመጀመሪያው ይደገማል። ይህን የሰማ ተመልካች ቶናውን ጠጥቶ ይመጣ የነበረው አሁን በረካውንም ጠጥቶ ነው የሚነሣው። አዳራሹም ሰው እስኪገባ ሌላ አምስት ማስታወቂያ ይጨምራል። ሁለቱ ወገኖች እንዲህ እየተጠባበቁ 8 ሰዓትን እስከ 8፡40 ገፍተዋታል፤ ገና ትገፋለች።

ነጋዴዎቹ ተራ ላይም ይጣላሉ። በሌላው ዓለም ከፊልሙ ጋር የተጠጋው የመጨረሻው ቦታ ነው ውዱ፤ ያኔ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፣ መብራትም ጠፍቷል። እዚህም ባለ ሱቁ ሁሉ እንደ ሰርግ ቤት ከሙሽራው ጎን ካልተቀመጥኩ ይላል። የአዳራሹ ሰው ለሁሉም «አንተ መጨረሻ ነህ» ብሎ ገንዘቡን ይቀበላል። ውሸትም አይደለም፤ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ከሱ በፊት ላለው መጨረሻ ነው።

በነገራችን ላይ ደብረ ብርሃን ቢራ የሚጠመቅባት ከተማ ናት፤ ግን ከ2011 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጥቷል። ያ ሁሉ ጭፈራና አረፋ የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ሶፋ ቤቶች ወርሰውታል።

የሶፋ ቤት ማስታወቂያ አሠራሩ እንዲህ ነው። የተሸጠው 30 ሰከንድ ነው። አማርኛ አድራጊውንም ተደራጊውንም አሉታውንም አንድ ቃል ውስጥ የሚያጭቅ ቋንቋ ስለሆነ፣ ሰሚ በሚገባው ፍጥነት ሲነበብ በሰከንድ ሁለት ቃል ቢሆን ነው። ስለዚህ ቦታው ስልሳ ቃል ይይዛል። ባለ ሶፋ ቤቱ ይዞት የሚመጣው ወረቀት መቶ ስልሳ ቃል አለበት፤ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን፣ የቲቪ ማስቀመጫ፣ የሕፃናት አልጋ፣ መጋረጃ ከነዘንጉ። ከዚያ ሁለት ስልክ ቁጥር። አንዱ ቁጥር 10 አኃዝ ነው፤ ተረጋግቶ ሲነበብ 5 ሰከንድ ይበላል፣ ሁለቱ 10 ሰከንድ፤ የማስታወቂያው ሲሶ በቁጥር አለቀ ማለት ነው። ቁጥሩን በጽሑፍ ብቻ ማሳየት ይበቃ ነበር፤ ባለቤቱ ግን «ማንበብ የማይችል ደንበኛስ?» ይላል። (ማንበብ የማይችለው ደንበኛ በጨለማ ቁጥር በቃሉ እንዲይዝ ነው የተፈለገው።) አድራሻው ደግሞ ራሱን የቻለ ልብ ወለድ ነው፦ «ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ ቀዩ በር!» ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ዘመን የለውም።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንቀንስ» ሲባል፣ «የቱን? ቡፌው ይቅር ነው የምትለኝ?» ይላል። አይቀነስም። ኤዲተሩ የንባቡን ፍጥነት አንድ ተኩል እጥፍ ያደርገዋል፤ አንባቢው ቅዳሴ የረፈደበት ዲያቆን ይመስላል። መቶ ስልሳው ቃል እንዲያም ሆኖ ከ50 ሰከንድ በላይ ስለሚወስድ መጨረሻው ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም የሱቁ ስም ነው። ወፍጮ ቤቱ ግን አለ።

ምስሉን የቀረጸው የባለቤቱ የእህት ልጅ ነው፤ ስልኩን አቁሞ። የቆመ የስልክ ምስል አግድም በተወጠረ ስክሪን ላይ ሲወጣ ከስፋቱ ሲሶውን እንኳ አይሞላም፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ነው። መድኃኒቱ ሲቀርጹ ስልኩን ማጋደም ብቻ ነበር። ኤዲተሩ ግን እንደገና ሂዶ መቅረጹ ስለሚታክተው ምስሉን ወደ ጎን ከሦስት እጥፍ በላይ ይለጥጠዋል፤ ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ የቀበሌ አግዳሚ ይሆናል፣ ሶፋው ላይ የተቀመጠችው ልጅም አብራ ትሰፋለች። ባለቤቱ አይቶ፣ «እንዲሁ ተወው፣ ሰፊ ያስመስለዋል» ይላል።

ማስታወቂያዎቹ በፍላሽ ተሰብስበው ላፕቶፕ ውስጥ ይገባሉ። ሁሉንም በቅድሚያ በተራ ደርድሮ በአንድ ዝርዝር መክፈት አምስት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው። ኦፕሬተሩ አንድ በአንድ መክፈት ይመርጣል። ስለዚህ በየመሀሉ የቪዲዮ ማጫወቻው የቪኤልሲ ምልክት፣ ብርቱካናማዋ የመንገድ ኮን፣ አራት ሜትር ሆና ስክሪኑ ላይ ትቆማለች። ከገጠር የመጣ ተመልካች የመንገድ ሥራ ማስታወቂያ መስሎት ወረዳው በመጨረሻ አስታወሰን ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም። ቪዲዮው ሲጀምርም የፋይሉ ስም ለጥቂት ሰከንድ ከታች ይወጣል፤ «ሶፋ የመጨረሻ»፣ «ሶፋ የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «ሶፋ ይሄኛው ነው»። ይህን ማጥፊያው ማስተካከያው ውስጥ አለ፤ አንዴ ቢነካ ለዘለዓለም ነው። ኢንተርኔቱን ማቋረጥም እንዲሁ። ካልተቋረጠ በጥርስ ሐኪሙ ማስታወቂያ መሀል ከጥግ ቴሌግራም ብቅ ይልና «ያን ብር ዛሬም አልላክህም አይደል?» ይላል። ያን ቀን አዳራሹ ሁሉ በሙሉ ልቡ የሚያነበው ብቸኛው ጽሑፍ ይህ ነው።

ከዚያ ተሳቢዎቹ ይጀምራሉ። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ለአንድ ተሳቢ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገደብ ለራሳቸው አውጥተው ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ያም በዛ፣ 2 ደቂቃ ይሁን ብሎ ጠየቀ። የእኛው አራት ደቂቃ ይሄዳል። ድሮን አዲስ አበባን ከላይ ያሳየናል። ከመኪና አንድ ታኮ ጫማ ይወርዳል። ጥፊ። ስልክ ግድግዳ ላይ ይፈረከሳል። የሆስፒታል ኮሪደር፣ የሚሮጥ አልጋ። በሁለተኛው ደቂቃ ላይ ተዋናይቱ እንባዋን ጠርጋ «ልጁ ያንተ አይደለም!» ትላለች። በሦስተኛው ልጁ የማን እንደሆነ ይነገረናል። በአራተኛው ይጋባሉ። ቅመሱ ተብሎ የቀረበው ወጥ ድስቱን ጨርሶታል፤ ከዚያ በኋላ «በቅርብ ቀን» ማለት ምን ይባላል?

ጥሩ ተሳቢ ከፊልሙ የመጀመሪያ ሲሶ ብቻ ይቀዳል፤ ጥያቄውን ያነሣና ሳይመልሰው ይቋረጣል። ይህን የማያውቅ ኤዲተር የለም። ነገር ግን ፊልሙንም ተሳቢውንም የሚቆርጠው ያው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ወር ዐይኑን ያጠፋበትን ትዕይንት አልጥልም ይላል። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ የተከራየው መኪና የግድ እንዲታይ ይፈልጋል። ተዋንያኑም እያንዳንዳቸው ስንት ሰከንድ እንደደረሳቸው እንደ ውርስ መሬት ይቆጥራሉ። ኮሜዲ ሲሆን ይብሳል፤ ፊልሙ ውስጥ ያሉት ስድስት ቀልዶች ስድስቱም ተሳቢው ውስጥ አሉ፣ ሳቁ ተጨምሮባቸው።

ዋናው ደዌ ግን ድምፁ ላይ ነው። በደንቡ በተሠራ ሲኒማ ቤት የድምፅ ማሽኑ ላይ 7 የምትባል ቁጥር አለች። ድምፁን ያቀናበረው ባለሙያ ፊልሙን የሰማው በዚያች ልክ ነው፤ የመለኪያው ድምፅ ሲለቀቅባት 85 ዴሲቤል ላይ ትቀመጣለች። በ7 ሹክሹክታው ሹክሹክታ፣ ፍንዳታውም ፍንዳታ ሆኖ ይደርሳል። ማስታወቂያና ተሳቢ ግን ሹክሹክታ የላቸውም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጩኸት ናቸው። ተመልካች ጆሮውን ይዞ ሲያማርር ማሽን ሠራተኛው ወደ 5 ያወርዳል። ፊልሙ ሲጀምር ቁጥሯ እዚያው 5 ላይ ተረስታለች፤ ተዋናዩ አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ የለውም። ይህ በሰለጠነውም ዓለም ያለ ጣጣ ነው።

የእኛ አዳራሽ 7 የምትባል ቁጥር የለውም። ድምፁ ሦስት ቦታ ተበትኗል፤ ቪኤልሲው ላይ፣ ላፕቶፑ ላይ፣ ሚክሰሩ ላይ። ጤነኛው አካሄድ የፊተኞቹን ሁለቱን 100 ላይ አስሮ በሚክሰሩ ብቻ መጨመርና መቀነስ ነው። ኦፕሬተሩ ግን እጁ የቀረበውን ይነካል። ቪኤልሲው እስከ 125 በመቶ ስለሚወጣ እዚያ ይሰቅለዋል፤ ከ100 ሲያልፍ ድምፁ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ «ቡፌ» የሚለው ቃል ስፒከሩ ውስጥ ይፈነዳል። አዲስ አበባ ሲኒማን ስታውቅ ሰዉ አዳራሹን «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ያውም ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን። የሶፋ ማስታወቂያ በ125 በመቶ ቢሰሙ ምን ይሉት ኖሯል?

«ወንድም፣ ቀንሰው!» ሲባል ሚክሰሩን ያወርዳል። ፊልሙ ተጀምሮ «ድምፅ! ድምፅ!» ሲባል ላፕቶፑን ይጨምራል፤ እሱ ግን ድሮም 100 ላይ ነው። በዚህ መሀል ተዋናይቱ፣ ባለፈው ሳምንት በተሳቢው የጮኸችውን፣ አሁን በእርጋታ በሹክሹክታ ትናገረዋለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱ ጋቢ ያስከናንባል፣ ጋቢው ጆሮ ይሸፍናል፣ ከጋቢው ሥር ደግሞ የደብረ ሲና ቆሎ ይቆረጠማል። ፈንዲሻ አፍ ውስጥ ይሟሟል፤ የገብስ ቆሎ ግን እንደ ወፍጮ ነው የሚሰማው። (ሸዋ ሮቢት ላይ ጋቢው ይቀርና ቬንትሌተሩ ይተካዋል፤ ውጤቱ ያው ነው።) «ምን አለችው?» ይላል ኋላ ያለው። «ልጁ ታሟል አለችው» ይላል መሀል ያለው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ልጁ ሞቷል፣ አንዲት እናትም ከንፈራቸውን መጥጠው «እግዜር ያጽናት» ብለዋል። ባለፈው ሳምንት በጊዜ መጥቶ ተሳቢውን ያየ አንድ ተማሪ ብቻ እውነቱን ያውቃል፤ እሱም ለመናገር ሲነሣ «ዝም በል፣ ፊልም እያየን ነው!» ይባላል።

መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ሌላ ነው። ጄኔሬተሩ ቢነሣም የፕሮጀክተሩ አምፖል እንደጋለ መልሶ አይበራም፤ ጥቂት ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት። ለመቀዝቀዙማ ደብረ ብርሃንን የሚያህል ቦታ የለም፤ ተመልካቹም አብሮ ይቀዘቅዛል። ሲበራ ቀኑ ስለመሸ ኦፕሬተሩ የቀሩትን ተሳቢዎች ዘልሎ በቀጥታ ፊልሙን ይከፍታል። ግን የተከፈለባቸው ናቸው፤ ነገ «አላሳየህም» የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ፊልሙ ሲያልቅ፣ በሩ ተከፍቶ ሰው እየወጣ፣ ይለቃቸዋል። ድሮኑ በሚወጣው ሰው ጀርባ ላይ አዲስ አበባን ያሳያል፣ ታኮ ጫማው በአንድ ጋቢ ላይ ይወርዳል፣ ጥፊው የሚያርፍበት ፊት ያጣል። ተሳቢው በስሙ ልክ ከጎታቹ ኋላ ገባ።

አንድ አዛውንት ብቻ መልሰው ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ አልቋል እኮ» ይላቸዋል ትኬት ቆራጩ፣ ወንበር እየደረደረ።

«ተው እንጂ ልጄ፣ ይኸው ገና መጣላት መጀመራቸው» ይላሉ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከኪሳቸው የቀረውን ቆሎ ይጨብጣሉ።